ስንዴ የሌለበት ዳቦ

ሐምሌ 14

ዘንቦ ገዳሪፍ ጭቃ ሆናለች። ሪክሻ ወደ ሰፈራችን አልገባ አለ። የጋገርኩትን ዳቦ ራሴ ተሸክሜ ሱቆቹ ጋ አደረስኩ።

እንደ ልማዴ ጥጉ የተሰበረውን ለሄርመላ ሰጠኋት። ፊት ለፊት ክፍል የሚኖረው የፍሰሃ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ። እናቷ ሉላ ከትግራይ ወደዚህ ሱዳን ሲሸሹ ወድ ኤል ሒለው ከተማ ደርሳ ነው የሞተችው። አባቷ እህል ገበያ ጆንያ ይሸከማል። እሱ የሁመራ፣ እኔ የመተማ ሰው… በአንድ ግቢ ሁለት ዓመት ስንኖር ራስ ከመነቅነቅ ያለፈ ሰላምታ የለንም። ልጅቱ ግን ምን አገባት?

ሐምሌ 23

የሄርመላ ሆድ ተነፍቷል። እግሯ ጭራሮ መስሏል። ያስቀምጣታል። ምን ነካት?

ከነገ ጀምሮ ሁለት ዳቦ እሰጣታለሁ። ብትበላ ትጠነክራለች።

ሐምሌ 29

ፍሰሃ በሬን ደበደበው።

«ለልጄ ምንድን ነው የምትሰጫት? ዳቦሽን መብላት ከጀመረች ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው!»

«መርዝ ነው እያልከኝ ነው?»

«እናንተ…» አለና ተወው። ያልጨረሰው ካወጣው ባሰብኝ።

ናጂያ፣ የግቢው ባለቤት፣ እጇ ሳሙና እንዳለበት መጣች። «ኸላስ! ሁለታችሁም ዝም! ልጅቱን ሐኪም ይያት።»

እኔ? ልጅ ልመርዝ?

ነሐሴ 5

የደሟ ውጤት መጣ። ሐኪም ቤት ይዛቸው የሄደችው ናጂያ ናት። «ሐሳሲየት ገመህ ነው» ብሏታል ሐኪሙ። ሐሳሲየት አለመስማማት፣ ገመህ ስንዴ ነው። የልጅቱ አንጀት ስንዴ አይችልም፤ ያቆስለዋል፤ ሌላ ብትበላም ገላዋ ላይ አይውልም። መድኃኒቱ አንድ ብቻ… ዕድሜ ልኳን ስንዴ አለመቅመስ።

ፍሰሃ ልክ ነበር ማለት ነው። ዳቦዬ ነው።

በየጠዋቱ… እየሳቀች ስትቀበለኝ… በገዛ እጄ።

ነሐሴ 6

ዛሬ አልጋገርኩም።

ነሐሴ 7

ሄድኩ። የፍሰሃ ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

«ልክ ነህ። የእኔ ዳቦ ነው። አላወቅኩም ነበር።»

ቀና ብሎ አላየኝም።

«እኔም ከእርዳታው ዱቄት ገንፎ እሠራላት ነበር» አለ። «የስንዴ ነው። እምቢ ስትለኝ በግድ…»

በርጩማ አቀረበልኝ። ተቀመጥኩ።

ነሐሴ 9

የገበያው ኪስራ፣ የሱዳኖቹ ስስ እንጀራ፣ ስንዴ ይቀላቀልበታል፤ ናጂያ ከማሽላ ብቻ ትጋግርላታለች። ልጅቱ ግን ዳቦ፣ ዳቦ ትላለች።

ወፍጮ ቤቱ ስንዴም ስለሚፈጭ ማሽላውን በሙቀጫ ወቀጥኩት። አዲስ ወንፊት ገዛሁ። የሱቅ እርሾ ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከማሽላው ከራሱ እርሾ አበጀሁ። በስኳር ፈንታ የተቀጠቀጠ ቴምር።

ከምድጃ ሲወጣ ፈረሰ። አሸዋ።

እንቁላል ያያይዘዋል ብል ሄርመላ ተቆጣች። «ፍልሰታ ነው እኮ፣ እማ ወለተ!» በዚያ አቅሟ… አልተከራከርኳትም።

ነሐሴ 13

ሦስት ጊዜ አፈረስኩ። ዛሬ ናጂያ ወጥ ስታማስል አየሁ። ወይካ ጨምራበታለች፣ የደረቀ የባሚያ ዱቄት። ማማሰያው ሲነሳ እንደ ክር ይሳባል።

«ይሄ ማሽላውን ቢይዝልኝስ?»

ሳቀች። «ወላሂ፣ ዳቦ በወይካ ሰምቼ አላውቅም!»

ከወይካው አንድ ማንኪያ ለብ ባለ ውኃ በጠበጥኩ። እስኪዝለገለግ ጠብቄ አቦካሁበት። መጋገሪያውን የሰሊጥ ዘይት ቀባሁት።

ተያያዘ! በቢላ ተቆረጠ። መልኩ ይጠቁራል፤ ትንሽ ይመርራል።

ሄርመላ አሸተተችው። ቀመሰች። «አባባ የሚነግረኝን የእናቴን ሕምባሻ አይመስልም» አለች። ደግሞ አኘከች። «ግን ዳቦ ነው።»

ፍሰሃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መስከረም 11

በዓል ሰሞን አንዱ ብስኩት ሰጥቷት ሁለት ቀን ታመመች። ፍሰሃ ሮጦ ወደ እኔ መጣ። ሊከሰኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምን ላድርግ?» ነው ያለኝ።

ማቡካት አስተማርኩት። ኩንታል የሚያነሳ ክንድ… ሊጥ ይፈራል።

ጥቅምት 6

ሦስት ኪሎ ጨምራለች። ሆዷ ጎደለ። ዛሬ ከልጆቹ ጋር ገመድ ስትዘል አየኋት።

ጥቅምት 28

ፍሰሃ ለአጨዳ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ሊሄድ ነው። ልጅ ይዞ አይኬድም፤ የሠራተኛው ምግብ ስንዴ ነው። ናጂያ ጋ ይተዋታል ብዬ ነበር። ለነገሩ እሷ ናት የግቢው እናት።

ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በእጁ ጥቅል… ልብሷ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ የሉላ ፎቶ።

«አንቺ ጋ ትሁንልኝ።»

«ለምን እኔ?»

ጥቅሉን አስያዘኝ። ከዚያ… «ያን ቀን በእግርሽ መጥተሽ ነገርሽኝ። ሌላ ሰው ይደብቀኝ ነበር። አደራ።»

ፍሰሃን የጫነው ሎሪ ሲነሳ ሄርመላ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እጄን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ።