በቆመችበት ብቻ እውነት ስለምትናገር መኪና

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ወንበርዎ እንደተመቻቹ እንዲቆዩ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ሕፃናትን ትምህርት ቤት የማመላልስ ሾፌር ነኝ፤ ከድካም በስተቀር ደህና ነኝ።

የአሮጊቷ ሚኒባሴ ካምቢዮ ተሰብሮ መካኒኬ ከሌላ ሞዴል የወጣ ካምቢዮ ገጠመላት። ማርሹ ያለ ትግል ይገባል፤ ነገሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነና የፍጥነት ቆጣሪው መዋሸት ጀመረ። መርፌው አርባ ሲል መኪናዋ በስድሳ ትሄዳለች። መርፌውን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ጥርሳም ፕላስቲክ ከካምቢዮው ጋር መስማማት አለመስማማቷን መካኒኬ ሳያይ ቀርቷል። ጥፋቱን አምኖ ትክክለኛዋን ይዞ እየጠበቀ ነው። እጁን የያዘው ቆጣሪው እንዳይነካ የታሰረበት የመሥሪያ ቤትዎ ማሸጊያ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ካምቢዮው እንደተቀየረ ለምርመራ ሳቀርባት፣ ባለሙያዎ ከግቢው በር እስከ አጥሩ ነድቶ፣ መርፌው መንቀሳቀሱን በዓይኑ አይቶ፣ ደህና ነው ብሎ ስላሸገልኝ አመሰግናለሁ። የሚንቀሳቀስ ሁሉ ጤነኛ ነው የሚለው ትምህርት ለእኔም ተስፋ ሰጥቶኛል፤ እኔም እስካሁን እንቀሳቀሳለሁና።

ሁለተኛ፣ ማሸጊያው ይፈታልኝ ብዬ ብለምን፣ የፈቃድ ክፍሉ ቆጣሪው ስለመበላሸቱ ከምርመራ ክፍል ማስረጃ እንዳመጣ አዘዘኝ። የምርመራ ክፍሉ በበኩሉ ራሱ ጤነኛ ያለውን ታሟል ብሎ መጻፍ ነውር መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ናቸው፤ በሮቹ ሲከፈቱ ሠራተኞቹ ተያይተው ፈገግ ይላሉ። መሀል ባለው አግዳሚ ላይ ደጅ ስጠና ፍቅራቸውን ለመመልከት ስለበቃሁ አመሰግናለሁ። ያለ ፈቃድ ብፈታው ደግሞ ኪሎ ሜትር አጭበርባሪ ተብዬ እከሰሳለሁ።

ሦስተኛ፣ ትራፊክ ፖሊስ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተሃል ብሎ ያዘኝ። ዳግመኛ ከተያዝኩ መንጃ ፈቃዴ ይነጠቃል። ይህንንም አመልክቼ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ።

አራተኛውን ያለ ምስጋና ልናገር፤ ፈርቻለሁ። ከኋላዬ የተቀመጡት የሰው ልጆች ናቸው። ፍጥነቴን ስትለካልኝ የቆየችው ባለቤቴ ናት፤ ከጎኔ ሆና የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠች ቀንስ ትለኛለች፣ ጆሮዋም ከመርፌው ይሻላል። ባለፈው ሳምንት ግን ጉንፋን ጆሮዋን ደፈነውና መርፌውን ማመን ግድ ሆነብኝ። የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ፍሬን ይዤ የቆምኩት ከአንዲት ነፍሰ ጡር በአንድ ክንድ ርቀት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋን ደጄ ላይ አቁሜያታለሁ። ልጆቹ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ እናቶቻቸው ያኮርፉኛል፣ እኔም እንጀራዬን ከመስኮት አያለሁ። መርፌዋ ዜሮ ላይ ናት፤ መኪናዬና የእርስዎ ማኅተም በአንድ አፍ እውነት የሚናገሩት አሁን ብቻ ነው።

ለፍጥነትዎ ካለኝ አክብሮት ጋር፣
በአግዳሚዎ ላይ የመቀመጫውን ቅርጽ የተወልዎ ታዛዥዎ፣
የሕፃናት ሾፌር

ማስታወሻ፦ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ለማንም የማታስነካው የልጅ ልጅዎ ያን ዕለትም እዚያው ነበረች። አልነገረችዎ ይሆናል። ቁጥር ማንበብ ስለተማረች መርፌውን አይታ አርባ መሆናችንን ለጓደኞቿ አብስራ ነበርና፣ ምንም አልፈራችም።