ማባዛትና ማካፈል እኩያ ናቸው

ውድ ልጄ፣

ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ነው፤ ታገሺኝ።

ያን ዕለት የተማሪዎች ሸሚዝ እየሰፋሁ ነበር። አለቃችን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሌላ ጊዜ "አንቺ ሴትዮ፣ ፍጠኚ እንጂ!" የሚለኝ ሰውዬ "እስቲ የስፌት መኪናውን ያጥፉት፣ እናቴ" አለኝ። ገና ሳይነግረኝ ገባኝ። የተሳፈርሽበት አውቶቡስ ተገልብጦ ኖሯል።

ሁላችንም ስናለቅስ ልጅሽ ሚጣ አላለቀሰችም። "እማዬ" የሚለው ቃልም ከአፏ ጠፋ። ያንቺ ነገር ሲነሳ ጎንበስ ብላ የታሰረ ጫማዋን ፈትታ እንደገና ታስራለች። አክስትሽ "ተያት፣ ልጅ ይረሳል" ትለኛለች። እኔን የሚያስፈራኝ እሱው ነው። ብትረሳሽስ?

ሰሞኑን ከትምህርት ቤት የሒሳብ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ያ በማታ ትምህርት እኔን ያሳበደኝ፣ የስሌት ቅደም ተከተል። ትዝ ይልሻል? ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት ብለሽ ሰጠሽኝ፤ እኔ ከጫፉ ጀምሬ ዝም ብዬ ነዳሁትና ሃያ አልኩሽ። በሳቅ ፈረስሽ።

"እማ፣ ሸሚዝ ስትሰፊ ጎኑን ከዘጋሽ በኋላ ነው ኪሱን የምትለጥፊው?"

"አበድኩ እንዴ! ኪሱ ይቀድማል።"

"ማባዛትም ከመደመር ይቀድማል። ቅንፍ ካለ ደግሞ ከሁሉም በፊት ቅንፉ ነው።"

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ማለት ጠፍቶኝ አያውቅም።

ሚጣን ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥኳት።

"አያቴ፣ ደክሞኛል።"

"እኔም ደክሞኛል። ሁለት ደካሞች ተጋግዘን እንሥራው።"

የኪሱን ነገር ነገርኳት። ቅንፉን ፈታች፣ አባዛች፣ ደመረች። ቀጥሎ አሥራ ሁለት ሲካፈል ለሁለት ሲባዛ በሦስት መጣ። እኔ ደረቴን ነፍቼ "መጀመሪያ ማባዛት! ሁለት በሦስት ስድስት፣ አሥራ ሁለት ለስድስት ሁለት" አልኩ።

እርሳሷን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ።

"አያቴ፣ ተሳስተሻል!"

"እኔ? በዚህ ሽበቴ?"

"ማባዛትና ማካፈል እኩያ ናቸው። ከግራ በኩል የቀደመው ይቀድማል። መልሱ አሥራ ስምንት ነው።"

"ማን ነው ደግሞ እንዲህ ያለሽ?"

"እማዬ ናታ! እማዬ ናት ያስተማረችኝ!"

 ከዚያ እቅፌ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ይኸን ሁሉ ጊዜ ያልወጣ እንባ ወጣ። ሲበርድላት አፍንጫዋን በቀሚሴ ጠርጋ ስለ አንቺ ታወራኝ ጀመር። ስታስጠኚያት ቀዝቃዛ እግርሽን እግሯ ላይ ትጭኚባት ነበር አሉ። ስትሳሳት አፍንጫዋን ቆንጠጥ፣ ስታገኘው ግንባሯን ሳም። ይኼን ሁሉ እኔ እናትሽ አላውቅም ነበር። ካንቺ የቀረኝን ሁሉ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ገና ብዙ አለ ለካ።

አትረሳሽም፣ ልጄ። እኔም ካንቺ ወዲህ ወደተውኩት የማታ ክፍሌ እመለሳለሁ። ሚጣ "ሳታጠኚ እንዳትሄጂ፣ ታዋርጂናለሽ" ብላ አስጠንቅቃኛለች። ቃሌን ሰጥቻታለሁ፤ ላንቺም እሰጥሻለሁ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ በየእምነታችሁ ለልጄ ነፍስ ጸልዩላት። ስሟን ባታውቁት "የሚጣ እናት" በሉ፤ ፈጣሪ ያውቃታል።

እናትሽ