ከውስጥ የማይከፈት ቁልፍ

ሶዶ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአስናቀች፤ የጌታ ሰላም ቤይሩት ድረስ ይድረስሽ። እኔና እማዬ በእሱ ቸርነት አለን።

ኢንተርኔት ቤት ኮርስ ጀምሬያለሁ። የሌላ ነጋዴ ዕቃ በድረ ገጽ ታስተዋውቂያለሽ፤ ሲሸጥ ኮሚሽን ታገኛለሽ። አስተማሪያችን ክብረት «መጀመሪያ ገዢያችሁን እወቁ። ጉግል ላይ ምን ብሎ እንደሚፈልግ ጻፉ» አለን። እኔ የበር ቁልፍ መረጥኩና «ከውስጥ የማይከፈት ቁልፍ»፣ «በር ሲከፈት የሚጮህ ደወል» እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ክብረት ሳቀ።

«ሚልክያስ፣ ሰው ቁልፍ የሚገዛው ሌባ እንዳይገባ ነው። ያንተ ገዢ ማነው?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እኔ ግን ግማሹ ላይ እየወጣሁ ወደ ቤት እሮጣለሁ።

እማዬ ማክሰኞ ሁለት የተለያየ ጫማ አድርጋ ቦዲቲ ሄዳ ነበር። የሚያውቀን ሾፌር ከዚያው መናኸሪያ መልሶ አመጣልኝ። «አስናቀችን ከትምህርት ቤት ልቀበላት ነው» ብላዋለች። አንቺ አታስቢ፤ ምግብ ትበላለች፣ መዝሙሮቿንም አልረሳችም። ይህንንም በሩን ተደግፌ ነው የምጽፍልሽ።

ጌታ በሰው አገር ይጠብቅሽ። ስትመጪ እማዬ እንድታውቅሽ ደጅ ላይ ጮክ ብለሽ ስምሽን ተናገሪ። እኔማ በድምፅሽ አውቅሻለሁ።

ወንድምሽ ሚልክያስ