የግቢውን ሐውልት ያቆዩት የወ/ሮ ሳቢና ጌሳሬ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሳቢና ጌሳሬ ከአባታቸው ከአቶ ሞሴቲ ኦንጌሪና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኒያንቾካ ኦቡሬ እ.ኤ.አ. በ1956 በኬንያ በኪሲ ደጋ፣ ከኬሮካ ገበያ ብዙም በማትርቅ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሙዝ በጅምላ እየገዙ ወደ ኪሱሙ ከተማ የሚያስጭኑ ነጋዴ፣ እናታቸው ደግሞ ሻይ ቅጠል ለቃሚ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብተው የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። ከዚያም ልብስ ስፌት ተምረው በኬሮካ ገበያ የተማሪዎች ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። ከመምህር ኦንዲየኪ ማኮሪ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። መምህሩ ለወንድ ልጃቸው ዩኒፎርም ሊያሰፉ መጥተው የልጁን ልክ ሳይዙ በመምጣታቸው ተመለሱ። በማግስቱም መጡ፤ አሁንም ልኩን አልያዙም። ሦስተኛ ቀን ባዶ እጃቸውን ሲመጡ ወ/ሮ ሳቢና ነገሩ ገባቸው።

መምህር ኦንዲየኪ የመጀመሪያ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ቦቻቤሪን በ1978 በወባ አጥተዋል። ያኔ ወንድሜ ኦባራ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ይህን የምጽፈው እኔ ኬሩቦ ገና ጡት አልተውኩም ነበር። ከወ/ሮ ቦቻቤሪ የቀረ ፎቶግራፍ አልነበረም። አባታችን ልጆቻቸው የእናታቸውን መልክ ሳያውቁ እንዳያድጉ ብለው ወደ ባለቤታቸው የትውልድ መንደር፣ ድንጋይ ቀራጮች ወደሚኖሩባት ወደ ታባካ ወረዱ። አቶ ሞጋካ የተባሉት ቀራጭ ወ/ሮ ቦቻቤሪን ከልጅነታቸው ጀምሮ በጉርብትና ያውቋቸው ስለነበር ሥራውን ተቀበሉ። ለሳህንና ለጌጥ የሚሆነውን ለስላሳ ድንጋይ ትተው ጠንከር ካለው ግራጫ ድንጋይ፣ የተቀመጠች ሴት አድርገው ቀረጿቸው። ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ የሚያህለው ይህ ሐውልት በቤታችን ፊት ለፊት አበቦቹ መካከል ቆመ። ያዩት ሁሉ ራሳቸው ወ/ሮ ቦቻቤሪ ናቸው አሉ።

ወ/ሮ ሳቢናና አባታችን በ1981 ተጋቡ። ከሠርጉ በፊት የሙሽራዋ አክስቶች፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ይውጣ፣ ልጃችን ከዚያ በኋላ ትገባለች ብለው ላኩ። አባታችንም ተስማምተው ነበር። ወ/ሮ ሳቢና ግን ራሴ ልየው ብለው መጡ። ሲደርሱ እኔ ከቁርሴ የቆረስኩትን ስኳር ድንች በሐውልቱ ጭን ላይ እያስቀመጥኩ ነበር ይባላል። ለአክስቶቻቸው የመለሱት አጭር ነበር፦ "ልጅቷ መጀመሪያ እኔን ትልመድ። ድንጋዩን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።"

በደስታ ተቀበሉት ብንል ውሸት ይሆንብናል። በመጀመሪያው ዓመት የልብስ ማስጫውን ገመድ በቤቱ በርና በሐውልቱ መካከል ወጥረው ነበር፤ አንሶላ የማይሰጣበት ቀን አልነበረም።

ዝናቡ ሲበረታ ሐውልቱን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ወረሰው፤ የአፍና የዓይን መስመሩም መጥፋት ጀመረ። ወ/ሮ ሳቢና በዱቄት ሳሙናና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈተጉት። ሽበቱ ለቀቀ፤ የግራ ጉንጩ ግን ተቧጨረ። በዚህ በጣም አዘኑ። ሆን ብላ ነው ይሉኛል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ እንደነሳቸው በኋላ አጫውተውናል። ተነሥተው ታባካ ሄዱና አቶ ሞጋካን እንዴት እንደሚያዝ ጠየቁ። ቀራጩም በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ እንዲያጥቡት፣ በበጋ ፀሐይ ድንጋዩን ሲያሞቀው ሰም እንዲቀቡት፣ ሥሩም ከመሬት እርጥበት እንዳይስብ ጠጠር እንዲያነጥፉለት አሳዩአቸው። እሳቸውም እንደተባሉት አደረጉ። በረዶ የሚጥል ሰማይ ሲያዩ ከልብሱ በፊት ሐውልቱን ጆንያ የሚያለብሱት እሳቸው ነበሩ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በግቢያችን ጣዖት አለ መባሉን ሰምተው በአንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ መጥተው ነበር። ወ/ሮ ሳቢና ሻይ ካቀረቡላቸው በኋላ፣ "ብንሰግድለት ኖሮ ዝናብ ላይ እናቆመው ነበር?" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ሐውልቱን ዞረው አዩት፤ ከመካከላቸው አንዱ ወ/ሮ ቦቻቤሪን ያጠመቁ ስለነበሩ ጥቂት ቆመው አለቀሱና ነገሩ በዚያው ቀረ።

በ1988 አባታችን ለሥልጠና ናኩሩ በሄዱበት ሳምንት አንዲት ጊደር ገመዷን በጥሳ አበቦቹ ውስጥ ገባች። ሐውልቱን ገፍታ ጣለችውና አንገቱ ተሰበረ። ወ/ሮ ሳቢና ማንንም አልጠበቁም። ጭንቅላቱን በነጠላ ልብስ ጠቅልለው፣ ታቅፈው ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ታክሲ ተሳፈሩ። ረዳቱ ዕቃ ከላይ ይጫናል ብሎ ሊቀበላቸው ሲል ክብደቱ ገረመውና ዱባ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"ጣውንቴ ናት" አሉት።

ታክሲው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከጥቅልሉ ሸሸ። ጥቅልሉን ገልጠው ሲያሳዩአቸው ግን ታባካ እስኪደርሱ ሲሳቅ ነበር፤ ረዳቱም ለጣውንትየዋ ሒሳብ አልጠየቀም።

አቶ ሞጋካ ስብራቱን መረመሩ። በብረት ዘንግ ቢያያዝ ብረቱ ዝጎ ድንጋዩን ስለሚሰነጥቀው በናስ ማያያዝ እንደሚሻል ነገሯቸው። ከዚያ የተቧጨረውን ጉንጭ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ ፊቱ ላይ ገና ብዙ ድንጋይ አለ። እዚህና እዚህ ጋ ብነካካው አንቺን ይመስላል። ቤቱ ያንቺ ነው፣ ማንም አይፈርድብሽም።"

ወ/ሮ ሳቢና የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ አሰቡበት። ማሰባቸውን ከእኛ ደብቀው አያውቁም። ከዚያ እንዲህ ብለው መለሱ፦ "ልጆቹ ከእኔ ጋር ይበላሉ፣ ይጣሉኛል፣ ያኮርፉኛል። እኔን ያውቁኛል፣ አባቴ። እሷን የሚያውቋት በዚህ ፊት ብቻ ነው። እንዳለ ይመልሱልኝ።"

አቶ ሞጋካም ግቢያችን ድረስ መጥተው አንገቱን በናስ አያያዙት። አባታችን ከናኩሩ ሲመለሱ በሐውልቱ አንገት ላይ ቀጭን መስመር አይተው ጠየቁ። ወ/ሮ ሳቢና የሆነውን ሁሉ፣ የቀራጩንም ሐሳብ ሳይቀር ነገሯቸው። አባታችን መስመሩን በጣታቸው እየዳበሱ፣ "እኔ እኮ ወደ ጓሮ ላዞረው ካሰብኩ ስንት ዓመቴ! አንቺ ያስነሳሽው መስሎት ሰው እንዳያማሽ ብዬ ነው የተውኩት" አሉ።

"እኔ ደግሞ አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው የማጥበው" አሉ ወ/ሮ ሳቢና።

ያን ዕለት ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ሰምተናል። ሐውልቱም ከቦታው አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችን ከመጡ እንግዶች አንዱ፣ በኪሱሙ የእንግዳ ማረፊያ የነበራቸው ሰው፣ ለአትክልት ቦታቸው ተመሳሳይ ሥራ እንዲያሠሩላቸው ወ/ሮ ሳቢናን ጠየቁ። ወ/ሮ ሳቢና ከአቶ ሞጋካና በኋላም ከቀራጩ ልጆች ጋር ሆነው ለኪሱሙ፣ ለናኩሩና ለናይሮቢ ግቢዎች ወፎችን፣ ጉማሬዎችን፣ የተቀመጡ አዛውንቶችን አሠርተዋል። ትእዛዝ ከመቀበላቸው በፊት ግቢውን ራሳቸው ሄደው ያያሉ፤ ውኃው በየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚያንጠባጥብ ይመለከታሉ። የሚያጥበው ማን እንደሆነ በስሙ ካልተነገራቸው ሥራውን አያስጀምሩም ነበር። አንድ ባለ ሆቴል ያሠራውን ሽመላ ነጭ ዘይት ቀለም ቀብቶ ቢጠብቃቸው፣ ቀለሙ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ከሥሩ አልተነሡም፤ ምሳ ሲጋበዙም እምቢ አሉ። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ብሩሽና ሰማቸውን ይዘው ያሠሯቸውን ሐውልቶች እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። እኛን ያስተማሩንም በዚህ ሥራ ነው።

አባታችን በ2009 ካረፉ በኋላ ወ/ሮ ሳቢና ቤቱን፣ የሻይ እርሻውንና ሥራቸውን በብርታት መርተዋል። ከ2020 ጀምሮ በስኳር በሽታና በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሕመሙ ሲጠናባቸው ልጆቻቸው በአንድነት የእሳቸውንም ሐውልት ለማሠራት ፈቃድ ጠየቅናቸው። አልፈቀዱም። በእኔ ላይ ድንጋይ አትጫኑብኝ፣ በቂ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ ብለው ሳቁ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች መቃብራቸው ከባለቤታቸው መቃብር በሌላኛው ወገን እንዲሆን አስበው ነበር፤ እሳቸው ግን ከወ/ሮ ቦቻቤሪ መቃብር አጠገብ እንዲሆን ለመኑ። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁ፣ "ከእሱ ይልቅ ከእሷ ጋር የኖርኩት ይበልጣል" አሉ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ።

ወ/ሮ ሳቢና ጌሳሬ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2023 ማለዳ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል አርፈዋል።

የአምስት ልጆች እናት ነበሩ፤ እነሱም ኦባራ፣ ኬሩቦ፣ ሞራ፣ ኒያክዋማና ጌኬ ናቸው። ዘጠኝ የልጅ ልጆችንም አይተዋል። ኦባራና እኔ ዛሬ የምንቀብረው ሁለተኛ እናታችንን ነው። የመጀመሪያዋን መልክ ያወቅነው በእሳቸው ነው።

በሐዘናችን አብራችሁን ለቆማችሁ ወዳጆች፣ ከታባካ ለመጣችሁ ቀራጮችና ለቤተ ክርስቲያናችን ምዕመናን ምስጋናችን ከልብ ነው። የሕይወት ጌታ የእናታችንን ዕረፍት የሰላም ያድርግላቸው፤ በትንሣኤ ጠዋትም በስማቸው ይጥራቸው። አሜን።