የብርድ ልብሷ ቀልድ

ቅዳሜ፣ ጥር 9፣ ለቡ

ዛሬም ለአራተኛ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ውድቀቴ አወራሁ። የኦንላይን ትምህርት ቤቴ በሕይወት ሳለ አንድም ሰው ለንግግር ጠርቶኝ አያውቅም፤ ከተዘጋ ወዲህ ግን እንጀራዬ ውድቀቴ ሆኗል። "ፈጠራ ማለት ወድቆ መነሳት ነው" እላለሁ፤ ይጨበጨብልኛል።

የብርድ ልብሷን ቀልድም አወራሁ። ስቱዲዮ ስላልነበረን የፊዚክስ መምህርታችን የጎረቤት ግንባታ ጩኸት እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንበው ትምህርቱን ይቀዱ ነበር። አዳራሹ በሙሉ አውካካ። ያኔ ነው ራሳቸውን መምህርት አስካለን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያየኋቸው። እሳቸውም ከሰው እኩል ይስቁ ነበር።

ስወጣ በሩ ላይ ጠብቀው ጨበጡኝ።

"ጥሩ ተናጋሪ ወጣህ ልጄ" አሉኝ።

እኔን አምነው የለቀቁትን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሥራ መልሰው አላገኙትም። አሁን ላፍቶ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስጠናሉ።

"አንተስ ተማርክበት። እኔ ምን እንደተማርኩ ግን እስካሁን አልገባኝም" ብለው ታክሲ ሊይዙ ሄዱ።

ቤት እንደገባሁ ቀልዷን ከንግግሬ ሰረዝኳት። ቀልዷ ስትወጣ የቀረው የእኔ ጥፋት ብቻ ሆነ። እሱን ለማን አወራዋለሁ?

ወዲያው የነገውን የጎፋ ዝግጅት የሚያስተባብረው ልጅ ደወለ። ፖስተሩ ተለጥፏል፣ አዳራሹ ሞልቷል አለኝ።

"ያቺን የብርድ ልብሷን ነገር ግን አደራ፣ እንዳትተዋት!"

"እሺ" አልኩት።