ወለተሩፋኤል ጮክ ብላ ያነበበችው

…ሦስቱም ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ይህን አስታውሳለሁ። የጅማ ዝናብ ያበሰበሰው ጫማ። አንደኛው ውሃ አምጡ አለ፣ ሌላው ትከሻዬን ያዘ። ከዚያ የአባባን ስም የጠራው የትኛው እንደ ነበር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላስታውስ አልቻልሁም። ሰሞኑን ደጋግሜ እሞክራለሁ።

እትዬ ዙበይዳ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም እዚህ ውስጥ በመግባቴ አትቀየሚኝ። አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። እንዴት ከርመሻል? የካርቱም ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያምምሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ፣ ወይስ እንደ ልማድሽ ደኅና ነኝ እያልሽ ነው? ዐብዱረሕማን ከነሱቁ፣ ልጆቹ ከነትምህርታቸው እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማማ ደኅና ናት፤ ዓይኗም እንዳለ ነው፣ አልባሰባትም። ይህን የምልሽ እውነት ስለ ሆነ ነው። ከእንግዲህ ደኅና ናት ብዬ ስጽፍልሽ ከሰው ደግመሽ እንዳትጠይቂ እፈልጋለሁ።

ባለፈው በስልክ ብሎግ ደግሞ ምኑ ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠ። ኢንተርኔት ላይ ያለ የክፍል ደብተር በይው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የአማርኛ ድርሰታቸውን እዚያ ይጽፋሉ፣ እኔም እጽፋለሁ፣ እርስ በርስ እንተራረማለን። ተማሪው ሃምሳ ሁለት፣ የሚሠራው ኮምፒውተር ዘጠኝ። ስለዚህ በቡድን ነው፤ አንዱ ፊደል ይለቅማል፣ ሌሎቹ እየነገሩት ይጣላሉ። ሁለት ደንብ አውጥቼ ነበር። ማንም የጻፈው አስተያየት እኔ ሳላሳልፈው አይወጣም። የጽሑፉ ባለቤት ደግሞ የተሰጠውን አስተያየት ጮክ ብሎ ያነባል፤ ትችት መስማት ይልመዱ ብዬ ነው። እኔም ከደንቡ አልወጣሁም። ስለ ቅዳሜ ገበያ በጻፍሁት ሥር አስማረ የሚባል፣ ከከተማው ራቅ ካለችው ከኮሶዬ የመጣ ልጅ «ቲቸር፣ የዓረፍተ ነገርዎ መጨረሻ ኮሶዬ ነው እንዴ? ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀ» ብሎ ጻፈብኝ። ፊታቸው ቆሜ አነበብሁት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ዓረፍተ ነገሩን ቆረጥሁት።

ወለተሩፋኤልም የኮሶዬ ናት። ከእታገኘሁ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ፤ ቅዳሜ ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በሚያዝያ ስለ አባቷ ስለ አያ ሰጠኝ ጻፈች። አያ ሰጠኝ የዘር ድንች የሚመርጡት እያሸተቱ ነው፤ ላየው ሰው ሸጋ የሚመስለውን ለድስት ይተዉታል፣ የተጨማደደውን ለዘር ያስቀምጡታል፤ ተሳስተውም አያውቁ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ውሸት ነው ያለ አለ፣ የእኔም አያት ያሸታሉ ያለ አለ፣ አስማረ አፍንጫቸውን ለግብርና ቢሮ ያከራዩልን አለ። እኔም ዘሩ ምን ምን እንደሚሸት አልነገርሽንም፣ ጠይቂያቸው ብዬ ጻፍሁላት። ስሄድ እጠይቃለሁ አለች። ሠላሳ አንድ አስተያየት ተጻፈ። እንዲያ የተነበበ ጽሑፍ ኖሮን አያውቅም።

አያ ሰጠኝ በዚሁ በግንቦት መግቢያ፣ ሦስት ቀን ታመው ዐረፉ። ዓርብ ተቀበሩ። ቤተሰቡ ልጅቱ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ ተማከረ፤ ቅዳሜ አትምጪ፣ አጥኚ ብለው ስንቋን በሰው ላኩላት። እታገኘሁ ታውቅ ነበር። ከአንድ ሳህን አብራት እየበላች ታውቅ ነበር። አስማረ ግን ቀብሩ ላይ ነበረ እንጂ ምክሩ ላይ አልነበረም፤ ሰው በዝቶ ስለ ነበር ከሴቶቹ መካከል ያለች መሰለው። ሰኞ መጥቶ በጽሑፏ ሥር «እግዚአብሔር ያጽናሽ። አያ ሰጠኝ ደግ ሰው ነበሩ። ቀብሩ ላይ ፈልጌ አጣሁሽ» ብሎ ጻፈ።

እኔ አሳለፍሁት። ዐሥራ አራት አስተያየት ተጠራቅሞ ነበር፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ሳይጠፋ ብዬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሳለፍሁ። አላነበብሁትም። ለርእሰ መምህሩም የነገርሁት ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ ተራው የወለተሩፋኤል ነበር። እንደ ደንቡ ጮክ ብላ አነበበች። ድምፅዋ አልተለወጠም። የሌላ ሰው ነገር እንደሚያነብ ሰው እስከ መጨረሻው፣ እስከ አስማረ ስም ድረስ አነበበችው። ከዚያ ቀኑን አየች። «ቲቸር፣ ይህ የትናንት ነው» አለችኝ። የሚይዛት ዘመድ የለ፣ ውሃ የያዘ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ቀድማ የጮኸችው እታገኘሁ ናት።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የመጡት ሰዎች ምን እንደ ሠሩልኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስት የሆኑት ማን እንደ ተናገረው እንዳላውቅ ነው። የላክሻቸው አንቺ ነሽ፤ አባባ በተቀበረ በሃያ ቀኑ፣ የመጨረሻ ፈተናዬን በጨረስሁ ማግሥት። በዚህ ነገር አንድም ቀን ሳልነግርሽ ብዙ ዓመት አኩርፌሽ ኖሬአለሁ። አሁንም ኩርፊያው ሙሉ በሙሉ ወጣልኝ አልልም፤ ሃያ ቀን ሙሉ አባት እንዳለው ሰው ስስቅ ነበር። እኔ ግን ልጅቱን በገዛ አፏ አረዳኋት። ከዚህስ የአንቺ ይሻላል።

በማግሥቱ አጎቷ አያ ወልደኢየሱስ ትምህርት ቤት መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ልጄ፣ መርዶ በሰው አፍ ነው፤ ምነው በመብራት?» ብቻ አሉኝ። ከዚያ አባትህ አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የሉም ስላቸው እኔኑ አጽናኑኝ። ከቁጣ ይህ ከበደኝ። ልጅቱ ትምህርት በቃኝ ማለቷን የነገሩኝ ሊወጡ ሲሉ ነው። ርእሰ መምህሩ አቶ ሰውአገኝ ብሎጉን አጥፋው አሉ። የአስማረን አስተያየት አጠፋሁ። የቀረውን እጄ እንቢ አለኝ፤ ስለዚያ ሰው የተጻፈ ሌላ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። የፈተና ካርዷ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ፈተናው ሰኞ ይጀመራል፤ ዛሬ ዓርብ እስከ ዐሥር ሰዓት ካልወሰደችው ካርዱ ይመለሳል፣ ዓመቷም በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ጋር ለቅሶ ደረስሁ። ኮሶዬ ጉም ነበር። እናቷ ወይዘሮ አባይነሽ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ስለ ሰውዬው ጻፈች አሉ፣ እስቲ አንብብልኝ አሉ። ጽሑፉን በወረቀት አውጥቼ ይዤ ነበር፤ ከነአስተያየቱ አነበብሁላቸው። አፍንጫቸውን ያከራዩልን የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አንድ ሽማግሌ ግን ሰምተው «ሰጠኝማ አፍንጫውን ቢያከራይ ቢሮው በጉንፋኑ ብቻ ይዘጋ ነበር» አሉ። ለቀስተኛው ሳቀ። ወይዘሮ አባይነሽም ሳቁ፣ ከዚያ በነጠላቸው ተሸፈኑ። አስማረ አንገቱን እንደ ደፋ ሰምቶ ጨረሰው። ወለተሩፋኤል ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ ሰማች። ስወጣ ካርዱ እኔ ዘንድ ነው፣ እስከ ዓርብ ነው አልኋት። «አስማረን እንዳይቆጡት» አለችኝ።

ዛሬ ጁምዓ ሰግጄ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መጣሁ። ብቻዬን ነኝ። ይህን ደብዳቤ የመተማው ሾፌር ስለሚወስደው ሰላምታዬን ላድርስ። ዐብዱረሕማንን ሰላም በይልኝ፤ የላከው ሽቶ ደርሶናል፣ እማማ ለዒድ ብላ ቆልፋበታለች። ሙስዓብን ሳሚልኝ። ረውዳ በአማርኛ ትጻፍልኝ፣ ብትሳሳት አልቆጣትም። እህታችን ሰልማ ረሳችኝ ወይ እያለች ነው፤ ለእሷ ለብቻዋ ጻፊላት። እማማ ጉልበትሽን በነጭ አዝሙድ ቅባት እሺው ብላለች፣ ዱዓዋም ከአንቺ ጋር ነው።

ይህን ስጽፍ ገባች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። አራተኛው ኮምፒውተር ይሠራል ወይ አለች፤ ይሠራል አልኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ ጻፈች፤ እኔ ደግሞ ይህን የምጽፍ መሰልሁ። ከዚያ ሳትዞር፣ አሁን የጻፍሁትን እርስዎ ሳያሳልፉት ማንም አያየውም አይደል አለችኝ። ማንም አያየውም፣ ከእኔ በቀር አልኋት። አንዲቱን ቁልፍ ተጭና ያዘቻት፤ የጻፈችው ሁሉ ከታች ወደ ላይ እየጠፋ እስኪያልቅ ጣቷን አላነሣችም። ተነሥታ መጣችና እጇን ዘረጋች። ካርዱን ሰጠኋት። ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ስሟን ጠራሁ። በሩ ተዘጋ።

ወንድምሽ ኡዘይር
ጎንደር፣ ግንቦት 16 ቀን 2005 ዓ.ም.