የመብት መደርደሪያውን ለቆለፉልን ኃላፊ

ለክቡር አቶ አጵሎስ
የከተማችን የንባብና የባህል ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ አዲሱ የቢሮዎ ምንጣፍም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ጨርቅ የምሸጠው ነኢማ ፈትሁዲን ነኝ። የዋሉልን ውለታ በአደባባይ ሊመሰገን ስለሚገባው ይህን ጽፌልዎታለሁ።

አንደኛ፣ የመብት መደርደሪያውን ስለ ቆለፉልን እናመሰግናለን። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሮዳስ ሕገ መንግሥቱንና የቤተሰብ ሕጉን በአንድ መደርደሪያ ሰብስባ፣ በገበያ ቀን ለመጣው ሁሉ በአማርኛ እያነበበች በሀዲይኛ ታስረዳ ነበር። ከዚያ በፊት ወደዚያ ቤት የሚገባው ፈተና የደረሰበት ተማሪና ዝናብ የያዘው መንገደኛ ብቻ ነበር። እነሆ፣ በእርስዎ ብርታት ወደ ቀድሞ ሰላማችን ተመልሰናል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ወይዘሮ እልፍነሽ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። ወይዘሮ እልፍነሽ ከሀቢቾ በኩል የሚመጡ ደንበኛዬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የባላቸው ወንድም “ሴት መሬት አትወርስም” ብሎ የእንሰት ጓሯቸውን በአጥር ከለለባቸው። ያን ቀን ከእኔ ዘንድ ነጠላ ገዝተው ሲወጡ የሮዳስን ድምፅ በመስኮት ሰሙና ገቡ። እኔም ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተከተልኳቸው።

ሮዳስ የምታነበው ሴቶች በመሬትም ሆነ በውርስ ከወንድ እኩል መብት እንዳላቸው የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ሠላሳ አምስት ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽ “ይሄ ለከተማ ሴቶች ነው ወይስ ለእኛም?” ብለው ጠየቁ። ሮዳስም “እናቴ፣ ለሁላችሁም ነው” አለቻቸው። ደግማ እንድታነብላቸው ለመኑና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ከዚያም አይናቸውን ጠርገው በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄዱ።

የባላቸው ወንድም ግን የእርስዎ ወዳጅ ኖሯል። በሳምንቱ እርስዎ ራስዎ መጡ። “ሕግ የባለሙያ ነው። ለገበሬ እንዲህ ከተነበበ አገር ይረበሻል” ብለው ሮዳስን በሰው ፊት ገሠጿት። ወይዘሮ እልፍነሽ ዳግም ሊሰሙ መጥተው ወንበር ይዘው ስለነበር ከመቀመጫቸው አስነሷቸው። መደርደሪያውን ቆልፈው ቁልፉን ኪስዎ ከተቱና በሩ ላይ “ጸጥታ ይከበር” የሚል ወረቀት ለጠፉ። ሕገ መንግሥቱን ከአቧራም ከሕዝብም በአንድ ቁልፍ የጠበቀ ኃላፊ ከእርስዎ በፊት አላየሁም።

ሦስተኛ፣ የሱቄን ገበያ ስላሟሟቁልኝ ውለታዎ አለብኝ። ሮዳስ አሁን ከሥራ ስትወጣ የምታነበው የራሷን ቅጂ ይዛ እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። እርስዎ የቆለፉት መጽሐፍ ከመጻሕፍት መደብር ሊገዛ እንደሚችል ሳይነገርዎት የቀረ ይመስለኛል። ከዶዮገና ለገበያ የወጡ ሴቶች ሳይቀሩ በጨርቅ ጣቃዎቼ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ከአዲሎ የመጣች አንዲት ነጋዴ ደግሞ ካልገባት አታልፍም፤ ታስቆማለች፣ ትከራከራለች። በእርስዎ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ አንባቢ ታይቶ አያውቅም፤ እዚያ ጸጥታ ይከበር ተብሎ የለ።

ወይዘሮ እልፍነሽን በተመለከተ ልብዎ እንዳይሰጋ ልንገርዎት። ጉዳያቸው ከቀበሌ አልፎ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ብቻቸውን ሊገቡ ፈርተው ስለነበር እጄን ይዘው አብረን ገባን። ዳኛው “ምን ይላሉ?” ሲሏቸው እጄን ለቀው ብድግ አሉ። ከዚያ በሀዲይኛ፣ “ሃያ ዓመት የተከልኩትን እንሰት ነው የምጠይቀው። ሕጉም የእኔ ነው ይላል” አሉ፤ አስተርጓሚውም ቃል በቃል ተረጎመላቸው። ፍርድ ቤቱ የወሰነው ለእርሳቸው ነው። አጥሩን ያፈረሰው ራሱ የባላቸው ወንድም ነው፤ እኛም ቆመን አይተናል። ወይዘሮ እልፍነሽ ያን ዕለት ጓሮው መሐል ገብተው እንሰታቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

መደርደሪያው ይከፈት ብዬ አላስቸግርዎትም። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሲለመን እንዴት እንደሚደክመው አውቃለሁ። የተቆለፈው የሕዝብ ንብረት መሆኑን ለበላይ አካል በጽሑፍ ማሳወቃችንን ግን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ዕድሜና ጤና፣ ቀና አመለካከትም ይስጥዎ እያልኩ፣ ከጣቃዎቼ ጀርባ እጅ እነሳለሁ።

ነኢማ ፈትሁዲን

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት አንዲት ጨዋ ሴት መጥተው ከሟች አባት ቤት ለሴት ልጅ ስንት እንደሚደርሳት ጠየቁ። ሮዳስ አንብባ ስትነግራቸው “ወንድሜ ምንም አይደርስሽም ብሎኝ ነበር” አሉ። እህትዎ ናቸው። ሰላም ይሉዎታል፤ በቅርቡም እንደሚመጡብዎ ነግረውናል።